ኩፔው ሐረር ላይ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ወንድሜ በቅርቡ ፎልክስዋገን አይዲ 4 የተባለውን የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ገዝቷል፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና (ኩፔ)፣ ቶዮታ 86 አለው። ሁለቱ ከቆሙበት ቢነሡ ማን ይቀድማል በሚል ክርክር ቤታችን ሰላም አጥቷል። እኔ ግን ዝቅ ብሎ የተሠራ ቀላል መኪና በዚያ ግዙፍ መኪና ይቀደማል ብዬ ማመን ይከብደኛል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ በአምራቾቹ አኃዝ ከሄድን እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ልዩነቱ ግን ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ቶዮታ 86 ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 7.6 ሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፣ ባለ 204 የፈረስ ጉልበቱ አይዲ 4 ደግሞ 8.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኩፔው 200 የፈረስ ጉልበት ይዞ ክብደቱ 1,240 ኪሎ ገደማ ነው፤ ኤስዩቪው ባትሪውን ተሸክሞ ከ2,100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጉልበታቸው ተመሳሳይ ሆኖ ክብደታቸው ይህን ያህል ከተራራቀ፣ የሰከንዱ ልዩነት ከ1 በታች መሆኑ ሊያስገርም ይገባል።

ምክንያቱ ጉልበቱ የሚገኝበት ሰዓት ነው። የቶዮታው ሞተር ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ኃይሉን፣ ማለትም 205 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በደቂቃ ከ6,400 ዙር በላይ ሲሽከረከር ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፍሪሲዮን መልቀቅና ማርሽ መቀየር አለ። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን 310 ኒውተን ሜትሩን ገና ከመነሻው ይሰጣል፤ የሚቀየር ማርሽም የለውም።

አሁን ወደ እናንተ አገር እንምጣ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያንሰዋል። (የሐረርን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች የጠገነ መካኒክ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በደጋ ላይ ቤንዚን ሲያበዛ አይቶ ይሆናል፤ የዘመኑ ሞተር የቤንዚኑን መጠን ራሱ ያስተካክላል፣ የጎደለውን አየር ግን ከየትም አያመጣም።) ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ኩፔው አንድ ስምንተኛ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በግምት ወደ 8.6 ሰከንድ ይወጣና ሁለቱ ጎን ለጎን ይደርሳሉ። ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነችው ሐረር ግን ከ9 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ አየር የማያስፈልገው የወንድምዎ መኪና ግን በዚያው 8.5 አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ ክርክሩን ድሬዳዋ ላይ ሆኖ የሚያሸንፍ ሰው የለም፤ ሐረር ላይ ግን ወንድምዎ ያሸንፋል። ኩፔው ቱርቦ ቢኖረው ኖሮ ይህን ያህል ባልደከመም ነበር።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ ሽቅብ ሲወጡስ ክብደቱ ኤስዩቪውን አይጎዳውም ወይ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ የምድር ስበት ከሁለቱም መኪኖች እኩል ፍጥነት የመጨመር አቅም ይቀንሳል፤ ከባዱን የሚስበው ኃይል ትልቅ ቢሆንም የሚንቀሳቀሰውም ክብደት በዚያው ልክ ትልቅ ነው። ኩፔው በእርግጥ የሚበልጠው ጥምዝምዙ ላይ ነው፤ እሱ ግን የተጠየቀው ጥያቄ አይደለም፣ በጭነት መኪና በተሞላው በዚያ መንገድ ላይም የሚሞከር አይደለም።