እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንጎል ምን ይሠራል? ስለ ማግኔታዊ የአንጎል ማነቃቂያ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ሰው እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያሰናዳ፣ እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚገታ በማግኔታዊ ማነቃቂያ ማጥናት ነው። መሣሪያውን በምህጻሩ ቲኤምኤስ እንለዋለን። ጥያቄያችሁን አቅርቡ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ፦ የሕክምና ምክር አልሰጥም፤ በቤት ውስጥ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ ስለ ማገናኘትም አላስተምርም።

ጀማሪዋ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከመሠረቱ ቢያስረዱን። ማግኔት እንዴት አድርጎ ጣት ያንቀሳቅሳል?

መላሽ፦ ማግኔቱ በራሱ ነርቭ አይቀሰቅስም። በጥቅል ሽቦ ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ እስከ 2 ቴስላ (የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ) የሚደርስ መግነጢሳዊ መስክ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የሚለዋወጥ መስክ በአቅራቢያው ባለ አስተላላፊ አካል ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እዚህ አስተላላፊው የአንጎላችን ቅርፊት፣ ማለትም የላይኛው ሽፋኑ ነው። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ይህን በሰው ላይ የሠሩት በ1985 ነው። ከዚያ በፊት በ1980 መርተንና ሞርተን በራስ ቅል ላይ በቀጥታ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን ያማል።

ሽቦው እጅን በሚያዝዘው የቅርፊቱ ክፍል ላይ ሲያርፍ፣ ከ20 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ በተቃራኒው ወገን ያለው እጅ ጣት ብድግ ይላል። ጡንቻው ላይ በተለጠፈ ኤሌክትሮድ ያንን ምላሽ እንለካለን። ምላሹ ትልቅ ከሆነ ከአንጎል እስከ ጡንቻ ያለው መንገድ በዚያች ቅጽበት ለመቀስቀስ ቅርብ ነበር ማለት ነው፤ ትንሽ ከሆነ ተገትቶ ነበር። «ከአንጎል እስከ ጡንቻ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። መንገዱ በሕብለ ሰረሰር በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ምላሹ ስለ አንጎል ብቻ የሚናገር አይደለም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

የማታ ተማሪ፦ ያማል?

መላሽ፦ ብዙ ጊዜ አያምም። ጭንቅላት ላይ ቆንጠጥ የማድረግ ስሜትና ከፍ ያለ የቀጭታ ድምፅ አለው። ጆሮ መሸፈን ግዴታ ነው።

ከበሮ መቺ፦ መምታት ከመጀመሬ በፊት ምልክት ስጠብቅ እጄ ጉልበት አጠራቅሞ ሊፈናጠር የተቃረበ ይመስለኛል። በዚያ ቅጽበት ብትለኩኝ ምላሹ ትልቅ ይሆናል ማለት ነው?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መልሱ ተቃራኒው ነው፤ ብዙዎቻችንን ወደዚህ ጥናት የሳበንም ይኸው ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ተሳታፊው በየትኛው እጅ እንደሚንቀሳቀስ ይነገረዋል፤ ግን ወዲያው አይንቀሳቀስም። አንድ ሰከንድ ገደማ ይጠብቅና «ሂድ» የሚል ምልክት ሲያይ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። እኛ በጥበቃው መሀል የማግኔት ምት እንሰጣለን። እጁ ተመርጧል፣ ተሰናድቷል፣ ምልክት ብቻ ነው የቀረው፤ ስለዚህ ምላሹ ይጨምራል ብሎ መጠበቅ ተፈጥሯዊ ነው። የሚታየው ግን መቀነስ ነው። ሊንቀሳቀስ የተሰናዳው ያው እጅ ራሱ ይገታል! ምላሹ ማሻቀብ የሚጀምረው «ሂድ» ከተባለ በኋላ፣ ጡንቻው ከመሥራቱ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀረው ነው።

ለምን? ሁለት ሐሳቦች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ቆይተዋል። አንደኛው፣ ያልተመረጠው እጅ የሚገታው በምርጫ ውድድር ስለ ተሸነፈ ነው ይላል። ይህ ለተሸናፊው ይሠራል፤ ለአሸናፊው ግን ምክንያት አይሰጥም። ሁለተኛው፣ የተመረጠው እጅ የሚገታው ከምልክቱ በፊት እንዳያመልጥ ነው ይላል። ዡሊ ዱክ፣ ሪቻርድ አይቭሪና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባወጡት ጥናት ከማግኔት ምቱ ጎን ለጎን የሕብለ ሰረሰርን ቅጽበታዊ ምላሽ (አንጎል ሳያዝ የሚመጣ የጡንቻ መልስ) ለክተው ነበር። በማግኔት ሲለካ እጁ ቢመረጥም ባይመረጥም ምላሹ ቀነሰ። የሕብለ ሰረሰሩ ምላሽ ግን የቀነሰው እጁ ሲመረጥ ብቻ ነበር። ሁለት ዓይነት ግታት ጎን ለጎን እንደሚሠሩ የሚጠቁም ውጤት ነው። ምላሹ ስለ አንጎል ብቻ አይናገርም ያልኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ሐሳብም አለ፤ እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ። በሥራው ድርሻ የሌላቸው ጡንቻዎች ጭምር ሲገቱ ታይቷል። ይህ ከሆነ ግታቱ አካባቢውን ጸጥ አድርጎ፣ የሚመጣው ትእዛዝ ጎልቶ እንዲወጣ የሚያደርግ ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ያኔ መግታት የዝግጅት እንቅፋት ሳይሆን የዝግጅት አካል ነው።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ማሽኑ ሐሳባችንን ያነባል ማለት ነው?

መላሽ፦ አይደለም። የአንድ ጡንቻን ምላሽ ይለካል።

የፊዚክስ መምህር፦ ተጠራጣሪው ያነሱት ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ኮርንሁበርና ዴከ በ1965 ከእንቅስቃሴ በፊት የሚነሣ የአንጎል ሞገድ አሳይተዋል። ሊቤት በ1983 ሞገዱ ሰውየው «አሁን ልንቀሳቀስ ወሰንኩ» ከሚልበት ጊዜ ቀድሞ እንደሚጀምር አሳየ። አንጎል እኛን ቀድሞ ወስኗል ማለት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ወንድሜ፣ የሞገድ መጀመር ውሳኔ ነው ያለው ማን ነው? ሹርገርና ባልደረቦቹ በ2012 ያ ሞገድ በዘፈቀደ የሚዋዥቅ እንቅስቃሴ ተጠራቅሞ ደፍ ሲያልፍ የሚታይ ቅርጽ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። በዚህ ላይ ነጻ ፈቃድ የለም ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ነጻ ፈቃድ የለም አላልኩም። ቅደም ተከተሉን ነው የተናገርኩት።

ተጠራጣሪው፦ «ቀድሞ ወስኗል» ብለዋል፤ ከላይ ተጽፏል።

መላሽ፦ እባካችሁ፣ ይህን ክርክር ሌላ ጊዜ ቀጥሉበት። ከነጻ ፈቃድ ይልቅ በእጃችን ስላለ ማስረጃ ላውራ። በ1989 ለንደን ውስጥ ዴይ፣ ሮዝዌልና ባልደረቦቻቸው ምልክት ከተሰጠ በኋላ፣ እንቅስቃሴው ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው፣ የተሳታፊውን አንጎል በአንድ የማነቃቂያ ምት መቱት። እንቅስቃሴው ዘገየ፤ በኃይለኛ ምት እስከ 150 ሚሊሰከንድ ገደማ። ሲመጣ ግን የጡንቻዎቹ ቅደም ተከተል እንዳለ ነበር፤ አልተበላሸም። የተሰናዳው እቅድ ምቱን አልፎ ተርፏል ማለት ነው። የሚወጣበት በር ለአፍታ ተዘጋ እንጂ እቅዱ አልጠፋም። ስለ ዝግጅት የማውቀው እጅግ የሚያምር ሙከራ ይህ ነው።

ስም የለሽ፦ አንጎል እንቅስቃሴን እንዴት ይቆጣጠራል?

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ የሙያው ርዕስ ነው። የትኛውን እንቅስቃሴ፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ።

ቴራፒስቷ፦ እኔ ለይቼ ልጠይቅ። አንድ ሰው እጁን ሊዘረጋ ጀምሮ ድንገት ሲያቆም፣ ያ ማቆም ከየት ይመጣል?

መላሽ፦ አመሰግናለሁ፣ እኅቴ። ሎጋንና ኮዋን በ1984 ነገሩን በሁለት ሂደቶች ሩጫ ገለጹት፦ አንዱ «ሂድ» ነው፣ ሌላው «አቁም»፤ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል። ማቆም በቀጥታ አይታይም፤ ምክንያቱም ከተሳካ ምንም አይከሰትም። በዚህ ቀመር ግን የማቆሚያው ሂደት የሚፈጀው ጊዜ ይሰላል፤ በጤናማ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ነው። በማግኔት ሲለካ ደግሞ ሊንቀሳቀስ የነበረው ጡንቻ ምላሽ ከማቆሚያው ምልክት 150 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ሲወርድ ይታያል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው እጁን ድንገት ሲያቆም የእግሩም ጡንቻ ምላሽ ይቀንሳል፤ እግሩ በሥራው ውስጥ ጨርሶ ባይኖርም። ድንገተኛ ማቆም ሰፊ ግታት ነው፤ አንድ ጣት ብቻ መርጦ የሚይዝ አይደለም። ከፊት ለፊት ቅርፊት፣ በተለይ ከቀኙ ወገን፣ ሰብታላሚክ ኒውክለስ ወደተባለው ጥልቅ የአንጎል ክፍል የሚሄድ አቋራጭ መንገድ እንዳለበት ይታሰባል። አስቀድሞ የትኛውን እጅ ማቆም ሊኖርበት እንደሚችል ሲነገረው ግን ግታቱ ጠበብ ይላል።

ስፖርተኛው፦ በባትሪ የሚሠሩ፣ ግንባር ላይ የሚታሰሩ ኤሌክትሮዶች አሉ። ፈጣን ያደርጉኛል?

መላሽ፦ እነዚያ ከቲኤምኤስ የተለዩ ናቸው። ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ነርቭን በቀጥታ አይቀሰቅሱም፣ ለመቀስቀስ ያለውን ዝንባሌ ይለውጣሉ። ኒትሼና ፓውሉስ በ2000 የእጅ ጡንቻ ምላሽን በዚህ መንገድ ከፍና ዝቅ አድርገዋል። ከኤሌክትሪኩ አብዛኛው ግን በራስ ቆዳ በኩል ያልፋል እንጂ አንጎል አይደርስም፤ ውጤቱም ከሰው ሰው ይለያያል። በቤት ውስጥ አይሞክሩት።

የማታ ተማሪ፦ በቤት ውስጥ በትንሽ ኃይል ብንጀምርስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

እናት፦ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ቲኤምኤስ ይጠቅመዋል?

መላሽ፦ እናቴ፣ ይህን ልጅዎን የሚያየው የነርቭ ሐኪም ብቻ ነው የሚመልሰው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ወይም የጆሮ ተከላ ያለው፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ለምርምር በፈቃደኝነት ሲመጣ በቅድሚያ ይጣራል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይወሰድም። ያለ ሐኪም ምንም አይሞክሩ። ለልጅዎ ጤናን እመኛለሁ።

ተመራቂዋ፦ የመመረቂያ ጥናቴ በተከታታይ ምት አንድን የአንጎል ክፍል አዳክሜ የእንቅስቃሴ ዝግጅትን መለካት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መላሽ፦ መጀመሪያ፣ ማዳከሙ በእያንዳንዱ ሰው ላይ እንደሚሠራ አትመኚ። ሁዋንግና ባልደረቦቹ በ2005 ያወጡት ዘዴ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 600 ምት ይሰጣል፤ ምላሹም ለብዙ ደቂቃዎች ሲቀንስ ታይቷል። በ2013 ሀማዳና ባልደረቦቹ ከ50 በላይ ሰዎች ላይ ሲሞክሩት ግን በአማካይ ውጤት አላገኙም፤ አንዱ ሲዳከም ሌላው ተነቃቃ።

ሁለተኛ፣ ድምፁ። ኃይለኛ ድምፅ ብቻውን የተሰናዳን እንቅስቃሴ እንደሚያፋጥን በ1999 ቫልስ-ሶሌና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። ስለዚህ ከቀጭታው ድምፅ የመጣውን ከማግኔቱ ለመለየት ማነጻጸሪያ ያስፈልግሻል። ሽቦውን ከጭንቅላት ማራቅ ብቻ አይበቃም፤ ቆዳው ላይ ያለው ስሜትም ይቀራልና።

ሦስተኛ፣ መነሻ ልኬት። ሰውየው ጨርሶ ዐርፎ ሲለካና በሥራው መሀል፣ በሁለት ዙር መካከል ሲለካ ምላሹ አንድ አይደለም። «ቀነሰ» የምትይው ከየትኛው አንጻር እንደሆነ ካልለየሽ፣ አንዱ መነሻ ግታት ያሳይሻል፣ ሌላው ምንም። ሁለቱንም ለኪ። ምላሹ ከምት ምት ይዋዥቃልና በእያንዳንዱ ሁኔታ ቢያንስ 20 ምት ያስፈልግሻል።

የፊዚክስ መምህር፦ ሽቦው በእያንዳንዱ ምት ከቦታው ቢንሸራተትስ?

መላሽ፦ በካሜራ የሚከታተል የአቅጣጫ መሣሪያ ካላት ትጠቀምበት። ከሌላት ቦታውን በሚገጥም ኮፍያ ላይ ምልክት ታድርግበት፤ ኮፍያው ከተነቃነቀ ቦታውን እንደገና ፈልጋ ከመነሻው ትለካ።