ብርዱ የመጣው ከታች ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለፈው ታኅሣሥ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ሄጄ ሳንቃ በር ላይ ሁለት ሌሊት በድንኳን አደርኩ። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ነበረኝ፤ ጋቢም ደርቤበታለሁ። ሆኖም ወገቤና ዳሌዬ በረዶ ሆኖ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። የተኛሁት በሚነፋ ፍራሽ ላይ ነበር። ሽንትም ሲያመላልሰኝ ስላደረ ጓደኞቼ «ኩላሊትህን ብርድ መትቶታል» አሉኝ። እውነት ነው? ዘንድሮም ልሄድ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ኩላሊትዎን ብርድ አልመታውም። ሰውነት ሲበርደው የቆዳ፣ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደሙም ወደ መሀል አካል ይሰበሰባል። ኩላሊት ይህን ሲያይ ፈሳሽ የበዛ ይመስለውና ሽንት ያበዛል። ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ላልለመደው ሰው ከፍታው ራሱ ሽንት ይጨምራል። ከተመለሱ በኋላ ከተወዎት ነገሩ አብቅቷል። ሲሸኑ የሚያቃጥልዎት፣ ትኩሳት ያለብዎት ወይም ጎንዎን የሚወጋዎት ከሆነ ግን ይመርመሩ።

ወደ ወገብዎ ልምጣ። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ዛሬ ማታ ወለል ላይ ዘርግተው ይተኙበትና ከዳሌዎ ሥር ያለውን በሁለት ጣት ይዳብሱት፤ እንደ አንሶላ ሳስቶ ያገኙታል። ክብደትዎ አየሩን አስወጥቶታል። ስለዚህ ከላይ አምስት ጋቢ ቢደርቡ እንኳ መሬቱ ከታች ሙቀትዎን ይስበዋል። የሚነፋው ፍራሽም ውስጡ ከአየር በቀር ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሌለው አየሩ እየተዘዋወረ የጀርባዎን ሙቀት ለመሬት ያስረክባል። ይመቻል እንጂ አያሞቅም። የደጋ ሰው አጎዛ የሚያነጥፈው ለጌጥ አይደለም፤ ጠጉሩ ሲተኙበትም አየር ይይዛል።

ፍራሽ ሲገዙ አር-ቫልዩ የሚባለውን ቁጥር ይመልከቱ። ብርድ የመከላከል አቅሙን ይነግርዎታል፤ ውርጭ ላለበት ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ይምረጡ። ሁለት ፍራሽ ሲደራረብ ቁጥራቸው ይደመራል። ስለዚህ የድሮውን ፍራሽ አይጣሉት፤ የሚጠቀለል ስፖንጅ ምንጣፍ ይጨምሩበት። የሚነፋው ሌሊት ቢተነፍስብዎትም ባዶ መሬት ላይ አያድሩም።

ከመተኛትዎ በፊት ጠግበው ይብሉ፤ በላብ የራሰውን ካልሲ በደረቅ ይለውጡ። ሙቅ ውኃ ክዳኑ በማያፈስ ኮዳ ሞልተው፣ በካልሲ ጠቅልለው ጭንዎ መካከል ያድርጉት። ሽንትዎንም ይዘው አይደሩ። አረቄው ይቅርብዎት፤ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የሞቀዎት ያስመስላል እንጂ የውስጥ ሙቀትዎን ያባክነዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይግባ። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል፤ የተኛውንም ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ነው። ድንኳኑንም ጥርቅም አድርገው አይዝጉት፤ ትንፋሽዎ ጨርቁ ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ያረጥብዎታል።

ጓደኛዎ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ እስኪነጋ አይጠብቁ። እርጥብ ልብሱን አውልቀው በደረቅ ይጠቅልሉት፤ ከሥሩም ያገኙትን ሁሉ ያንጥፉለት። ነገሩ የከፍታ በሽታም ሊሆን ስለሚችል አስጎብኚውን ቀስቅሰው በሌሊትም ቢሆን በጥንቃቄ ወደ ዝቅተኛ ቦታና ወደ ሕክምና ያውርዱት።