ሰርዶን ከጓሮ ለማስወጣት ዶማውን አስቀምጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሰባት ዓመት የነበረው የራሴ ጓሮ ድቅን አለብኝ። «የገዛነው ቤት ጓሮ በሙሉ ሰርዶ ነው፤ ሦስት ጊዜ በዶማ አስቆፈርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ በዝቶ ተመለሰ። በሰኔ ጎመንና ቃሪያ ልተክል አስቤያለሁ፤ ምን ይሻለኛል?» ብለሻል። አንዱ ጨው ርጪበት፣ ሌላው እሳት ልቀቂበት ብሎሻል። እባክሽ ሁለቱንም አታድርጊ። ጨው ከሰርዶው በፊት አፈርሽን ይገድለዋል፤ እሳት ደግሞ ላዩን ብቻ ነው የሚልሰው፣ ከታች ያለውን አይነካውም።

መጀመሪያ ግን ሰርዶ መሆኑን አረጋግጪ። ግንዱን በጣቶችሽ መሐል አሽከርክሪው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከተሰማሽ እንግጫ ነው፤ ለእሱ ከዚህ በታች የምነግርሽ ላስቲክ ብዙም አይረዳም፣ በሹል ጫፉ ቀዶት ይወጣል። ድቡልቡል ሆኖ መሬት ለመሬት የሚሳብ ከሆነ ግን ሰርዶ ነው።

ሰርዶ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በመሬት ላይ እየተሳበ ባለፈበት ሁሉ ከየአንጓው ሥር ይሰዳል። ሌላው ከአፈር በታች የሚሄደው ነጭ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ የሾለ ነገር ነው። ሁላችንም ሥር እንለዋለን እንጂ የተቀበረ ግንድ ነው፤ በየአንጓው እምቡጥ አለው። አንድ ክንድ የሚረዝመውን ዶማ አሥር ቦታ ሲቆራርጠው፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ አሥር አዲስ ሰርዶ ተከልሽ ማለት ነው። ሦስቴ ተቆፍሮ ሦስቴ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቆፋሪዎቹ ስንፍና አይደለም።

እኔም ባሕር ዳር ላይ 8 በ10 ሜትር የምትሆነውን ቀይ አፈር ጓሮዬን በመጀመሪያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ በሁለት የቀን ሠራተኞች በዶማ አስገለበጥኳት። ልክ ዝናቡ ሊገባ ሲል! በነሐሴ ቃሪያዬ ቢጫ ሆኖ ሰርዶው ጉልበቴ ላይ ደረሰ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ሰርዶ ግን የማንንም ምኞት እንደማይጠብቅ በዓይኔ ያየሁት በዚያ ክረምት ነው።

መንገዱን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። «ልጄ፣ ሰርዶን ሰው አይገድለውም፤ ፀሐይ ናት የምትገድለው። አንተ አውጥተህ ስጣት» አሉኝ። እሳቸው ማሳቸውን በበጋ ደጋግመው ያርሱና ጓሉን ሳይከሰክሱ ይተዉታል፤ የተገለበጠው ሰርዶ እዚያው ይደርቃል። በጓሮም የሚሠራው ይኸው ነው። ስለዚህ ጊዜው ኅዳር ነው፦ ዝናቡ ቆሟል፣ አፈሩ ገና አልደረቀም፣ ፀሐዩም በርትቷል። ዶማውን አስቀምጪና ባለ አራት ጣት የብረት መንሽ ያዢ። ወደ አፈሩ አስገብተሽ ወደ ላይ አንሺው፤ ጓሉን አራግፊና ነጩን ግንድ ሳይበጠስ በእጅሽ ሳቢው። አብዛኛው የሚገኘው ከላይ እስከ አንድ ስንዝር ባለው ውስጥ ነው፤ በለሰለሰ አፈር ግን ከዚያም በታች ይወርዳል። እኔ በየሳምንቱ አንድ መደብ ብቻ ነበር የምጨርሰው፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው መቆራረጥ ይጀምራል።

ያወጣሽውን ቆርቆሮ ላይ አስጪው። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ አልሞተም። እርጥቡን ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ በፍጹም እንዳትጨምሪው፤ ከዚያ በፍጉ ተመልሶ መደብሽ ላይ ይወጣል። ከሰው የምታመጪውን ፍግና ችግኝ የተተከለበትን አፈርም በጣትሽ ፈትሺ። እኔ ያጸዳሁት መደብ ላይ እንደገና ያገኘሁት ከውጭ ባስመጣሁት ፍግ ነበር፤ ያ ቀን ልቤን ሰብሮት ነበር።

በጣም የበዛበትን ቦታ በወፍራም ጥቁር ላስቲክ ሸፍኚው፤ ሰርዶ ብርሃን ካጣ ይመነምናል። ከሰርዶው ዳርቻ ግማሽ ሜትር አሳልፈሽ ዘርጊና ጠርዙን በአፈር ቅበሪው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብታነሺው የገረጣ ቡቃያ ዳር ዳሩን ሲፈልግ ታያለሽ። አትደናገጪ፣ ያጠራቀመውን ስንቅ እየጨረሰ ነው። መልሰሽ ሸፍኚው። እኔ ሦስት ወር አቆይቼው፣ ሳነሣው የቀረው ጥቂት ክር ብቻ ነበር።

ስለ አረም ማጥፊያ ጠይቀሻል። ግላይፎሴት እስከ ሥሩ ይወርዳል፤ ግን ሰርዶው ለምልሞ በሚያድግበት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ነው እንጂ በደረቀ ሣር ላይ አይሠራም። ነፋስ ወስዶ ጎመንሽ ላይ ካሳረፈው ጎመኑንም አይምረውም። ልጆቼ ከሚበሉበት መደብ ላይ አላስጠጋሁትም፤ አንቺም ባታስጠጊው ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው አጥሩ ነው። ጓሮሽን ብታጸጂም ሰርዶው ከጎረቤት በአጥሩ ሥር ይገባል። እኔ በአጥሩ ዙሪያ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሬ አሮጌ ቆርቆሮ ቀበርኩ፤ በላይ የሚሻገረውን በየቅዳሜው ጠዋት በቢላ እቆርጣለሁ። ጎረቤቴንም አማክሬያቸዋለሁ። እሳቸው ለላማቸው ስለሚፈልጉት አያጠፉትም፣ መብታቸው ነው። ደግሞም ሰርዶ ክፉ ሣር አይደለም፤ የቦይ ዳርን ጎርፍ እንዳይወስድ እንደ እሱ የሚይዝ የለም። ቦታው መደብ ውስጥ አለመሆኑ ነው እንጂ።

አሁን ሚያዝያ ነውና ሁሉንም ለሰኔ አደርሳለሁ አትበዪ። ሁለት መደብ ብቻ ምረጪ፣ በመንሽ አጽጂ። የቀረውን ዛሬውኑ በላስቲክ ሸፍኚና እስከ ኅዳር አትንኪው። ከሁለቱ መደቦች በአንዱ ዱባ ወይም ስኳር ድንች ትከይ፤ ቅጠላቸው ስለሚያጠላ የተረፈውን ሰርዶ ያዳክሙልሻል። በሁለተኛው ቃሪያሽን አድርጊ። በክረምቱ አፈሩን በመኮትኮቻ አትቆራርጪ፤ ብቅ ያለውን ሁሉ ሦስት ቅጠል ሳያወጣ በእጅ ነቅለሽ ከጓሮው አውጪው። ጎመኑን ደግሞ ለዘንድሮ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልተሽ ደጃፍሽ ላይ ትከይው፤ ከረጢቱን ግን ድንጋይ ላይ አስቀምጪው፣ ባዶ መሬት ላይ ከሆነ ሰርዶው ከሥር ገብቶ ይወጣበታል።