መልስ፦ ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?

«10ኛ ክፍል ልጨርስ ነው፤ አባቴ ናቹራል ግቢ ይለኛል፣ እኔ ግን ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም» ላልሽው፦ ሙያሽን አሁን ማወቅ የለብሽም። 11ኛ ላይ የምትመርጪው ወይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን (ናቹራል)፣ ወይ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን (ሶሻል) ነው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ኮርስ ከወሰድሽ በኋላ ነው። በ15 በ16 ዓመት የዕድሜ ልክ ሥራ ምረጪ ማለት ተገቢ አይደለም።

እስከዚያው እንዲህ አድርጊ፦

1. የ11ኛ ክፍል ፊዚክስና ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ከታላላቆችሽ ተዋሺ።
2. ከየመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ወስደሽ እያንዳንዱን ለአንድ ሳምንት አጥኚ። ከፊዚክሱ ቬክተር ያለበትን ውሰጂ፤ ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው እዚያ ነው።
3. መጽሐፉን ዘግተሽ የምዕራፉን መጨረሻ ጥያቄዎች ሥሪ።

ነጥቡን ብቻ አትይ። ስትሳሳቺ ማንም ሳያዝሽ ተመልሰሽ የሞከርሽው የትኛውን ነው? ሁለት ዓመት የሚያዘልቅሽ እሱ ነው። የሠራሽበትን ወረቀት ለአባትሽ አሳዪያቸው፤ ከክርክር ይልቅ እሱ ያሳምናል። በካርድሽ ግን አትወስኚ፤ የቤት ሥራና የቡድን ሥራ ማርክ ተደምሮበታል።

ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ትንሽም ቢሆን ልብሽ ውስጥ ካለ ግን ሶሻል ያንን በር ይዘጋብሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሒሳብ ሽሽት ሶሻል አትግቢ። ሶሻልም የራሱ የሒሳብ ፈተና አለው፤ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ላይ ካልኩለስ ይፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በአጠቃላይ ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የ9ኛና የ10ኛ ሒሳብ ክፍተትሽን በዚህ ክረምት ድፈኚ።