ስኳርን ከቤተሰብ ማዕድ ማስወጣት፦ ጥያቄና መልስ ከ«የጓዳ ሚዛን» ጋር

አስተናጋጅ፦ ዛሬ ማታ ጥያቄዎቻችሁን የሚመልሱልን በዚህ ስብስብ ውስጥ «የጓዳ ሚዛን» በሚል ስም የምናውቃቸው እናታችን ናቸው። የባሕር ዳር ሽምብጥ ነዋሪ፣ በጤና ጣቢያ 22 ዓመት በሥነ ምግብ ሥራ ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። በቤታቸው የፋብሪካ ስኳር የዕለት ቀለብ መሆኑ ከቀረ አራት ዓመት አልፏል። የተጠየቀውን ደግማችሁ ባትጠይቁ መልካም ነው።

የጓዳ ሚዛን፦ እንደምን አመሻችሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል፤ ማታውን ሙሉ ስለምደጋግመው አትሰልቹኝ። አንደኛ፣ ለስኳር ሕመም መድኃኒት፣ በተለይም ኢንሱሊን፣ የሚወስድ ሰው ካለ ሐኪሙን ሳያነጋግር አመጋገቡን አይለውጥም፤ ስኳርም ከዚያ ቤት ጨርሶ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በጣት ጫፍ እንኳን። አሁን ጠይቁ።

የአራት ልጆች እናት፦ እትዬ፣ ብስኩቱን አስቀረሁ፤ ከረሜላም ቤት አይገባም። ይኸው ግን 5 ኪሎ ስኳር ወሩን አያደርሰኝም። ከየት ልጀምር?

የጓዳ ሚዛን፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብስኩት በዓይን ስለሚታይ ሁልጊዜ እሱ ይከሰሳል። በእኛ አገር ቤት ስኳር የሚኖረው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሪ። 5 ኪሎ 5,000 ግራም ነው። ለ30 ቀን፣ ከዚያም ለስድስት ሰው ስታካፍዪው በቀን ለአንድ ሰው 28 ግራም ያህል ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጭማቂ ተደምረው ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርዱ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። ልጅ ከአዋቂ ያነሰ ስለሚበላ ድርሻውም ያንሳል። ያንቺ 28 ግራም ሲታይ ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን ባልሽ በሥራ ቦታው የሚጠጣው ሻይ፣ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚገዙት፣ በየድግሱ የሚከፈተው ለስላሳ አልተቆጠረበትም። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር አለው።

ቀጥሎ፣ ስኳሩ ከማንቆርቆሪያው ይውጣ። ሻዩ ያለ ስኳር ይፈላ፤ የፈለገ ሰው በብርጭቆው ይጨምር። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ከምረን የምንጨምረው ግን አንድ ተብሎ ተቆጥሮ ወደ ሁለት የሚጠጋ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን አትሰስቺ፤ ቀረፋ ሲበዛ ምላስ ጣፋጭ የቀመሰ ይመስለዋል። ይህን የምለው ሻዩን ከጨረስኩ በኋላ ከብርጭቆው ሥር የቀረውን እርጥብ ስኳር በማንኪያ ፍቄ እልስ የነበርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ያን ብርጭቆ ብትሰጪኝ ጉሮሮዬ አይቀበለውም።

ባለ ሁለት ልጅ፦ እኛም ቤት ችግሩ ይኸው ነው። ሠራተኛችን ሻዩን ስታፈላ ስኳሩን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ትገለብጠዋለች። ብነግራት ብነግራት አትሰማም።

የጓዳ ሚዛን፦ ስኳሩን የሚገዛው ማን ነው? መዝንና ተመለስ።

ፈጣን መንገደኛ፦ በአንድ ቀን ማቆም አይሻልም? ቀስ እያሉ መቀነስ ራስን ማታለል ነው።

የጓዳ ሚዛን፦ ሞክሬዋለሁ። በአንድ ሰንበት ጠዋት ጣሳውን አንሥቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። ልጆቹ አኮረፉ፤ ባለቤቴ ግን ምንም አላለም። በጨዋነቱ ስኮራ ከረምኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው በየማታው እዚያው ጎረቤት ቤት፣ ያንኑ የእኔን ስኳር፣ በሻይ ሲጠጣ መክረሙን የሰማሁት። ለብቻህ የምትኖር ከሆነ በአንድ ቀን አቁም። ቤተሰብ ካለህ ቀስ በል።

የዘጌ ልጅ፦ በማር መተካት እያለ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ማር ተፈጥሮ ነው፣ መድኃኒት ነው።

የጓዳ ሚዛን፦ መጣ። ወንድሜ፣ ማር ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውኃ። ከባድም ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡም ከአንድ ልሙጥ ማንኪያ ስኳር የበለጠ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅድም ባልኩት ልክ ውስጥ አብሮ ይቆጥረዋል። መዓዛው ሌላ፣ ክብሩ ሌላ። የጎጃም ማር የሚጠላ አፍ የለኝም፤ ለበዓል ጠዋት ጨጨብሳ ላይ አፈስሰዋለሁ። ኪሎ ስኳር አስወጥቶ ኪሎ ማር ያስገባ ቤት ግን ወጪውን ጨመረ እንጂ ምንም አልቀነሰም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያስከትል የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን አንጀት አይቋቋመውም።

የዘጌ ልጅ፦ አባቶቻችን ማር ሲበሉ ኖረው የስኳር ሕመም አያውቁም ነበር።

ነጭ ጋቢ፦ አባቶቻችን በእግራቸው ሲሄዱ፣ ሲያርሱ ውለው ነው የበሉት። አንተ ባጃጅ ተሳፍረህ ብርዝ ትጠጣለህ።

የዘጌ ልጅ፦ ዘጌ አይታረስም፣ ለመረጃህ ያህል።

ነጭ ጋቢ፦ እንግዲያው የዘጌን ታሪክ እኔ ላስታውስህ? የአቡነ በትረ ማርያም በትር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ነው የሚባለው። ስኳር ሆነ አልተባለም።

የዘጌ ልጅ፦ ሎሚውን ከጠቀስክ አይቀር፣ ሎሚ በማር ለሳል የሚያክል ምን አለ?

የጓዳ ሚዛን፦ ለሳል እውነቱን ነው። ዓመት ለሞላው ልጅ ማታ አንድ ማንኪያ ማር ሳሉን ያስታግሳል። እሱ መድኃኒት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ዕለት ምግብ ነው። ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

የቡና አፍቃሪ፦ ሻዩን ተስማማሁ። ቡና ግን በስኳር መጠጣት ባህላችን ነው፤ እሱን አትንኩብኝ።

የጓዳ ሚዛን፦ የቱ ባህል? የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ቡናው ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ተጠጣ? እናቴ በጨው ትጠጣ ነበር፤ ስኳር ለእንግዳ የሚወጣ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ጤና አዳም አንድ ቅንጣት ስኒው ውስጥ ጣልበት፤ ከአቦል እስከ በረካ ያደርስሃል። ሁለት ማንኪያ በስኒ፣ ሦስት ስኒ በአንድ መቀመጫ ስትጠጣ 24 ግራም ነው። የቀኑ ድርሻህ በቡና ላይ አለቀ።

የቡና አፍቃሪ፦ ጨውስ ግፊት አያመጣም?

የጓዳ ሚዛን፦ ያመጣል። ጨው ጨምር አላልኩህም፤ እናቴ ትጠጣ ነበር ነው ያልኩት። አንተ ጤና አዳሙን ያዝ።

ዓባይ ማዶ፦ ቡናማው ስኳር ከነጩ ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

የጓዳ ሚዛን፦ አይደለም። ቀለም ነው።

አዲስ አባት፦ ጤናማ አመጋገብ ቢነግሩን?

የጓዳ ሚዛን፦ ምን ልንገርህ? ምሳ ነው፣ ቁርስ ነው፣ ለማን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም።

አዲስ አባት፦ ይቅርታ። የዘጠኝ ወር ልጅ አለችኝ። አጥሚቷ ውስጥ ስኳር ካልገባ አትጠጣም።

የጓዳ ሚዛን፦ እንዲህ ጠይቀኝ። ስኳር ያልለመደች ልጅ ስኳር አትፈልግም፤ ያስለመድናት እኛ ነን። አጥሚቱን ወፈር አድርገህ የበሰለ ሙዝ ፍጭበት፤ ጥቂት ቅቤም ይግባበት። ሁለትና ሦስት ቀን ታለቅሳለች። በማር ልተካላት እንዳትል።

ሰላም ነው፦ እትዬ፣ በማር ብንተካውስ?

የጓዳ ሚዛን፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ጾመኛዋ፦ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሻይ በዳቦ ነው የምንውለው። ሱፉም፣ ተልባውም፣ አብሹም ያለ ስኳር አይወርድልንም። በጾም ወፍሬ የምወጣ እኔ ብቻ ነኝ?

የጓዳ ሚዛን፦ ብቻሽን አይደለሽም። በጾም ሥጋና ቅቤ ይወጣሉ፤ በእነሱ ቦታ ስኳር ይገባል። ሱፉን በጨውና በቃሪያ ፈትፍቺው እንጂ ማን ጣፋጭ አድርጊው አለሽ? ተልባም በሚጥሚጣ ጥሩ ፍትፍት ነው። አብሽ ግን መራራ ስለሆነ አዝንልሻለሁ። አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ለውጪ፣ ከዚያ ምቺው፤ አረፋው ነጭ ሆኖ ይነሣል፤ ምሬቱም አብዛኛው ይሄዳል። ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ጠዋት ደግሞ ከሻይ በዳቦ ይልቅ በሶ ይሻላል፤ የተቆላ ገብስ የራሱ ጣዕም አለው። ቅዳሜ ገበያ ጥሩ ገብስ ገዝቶ ማስፈጨት ነው።

ነጭ ጋቢ፦ በሶ በጨው ብቻ ማን ይበላል?

ጾመኛዋ፦ በበርበሬና በዘይት ይታሻል እንጂ! አንተ የማታውቀው ነገር ሁሉ የለም ማለት ነው?

ነጭ ጋቢ፦ በቅቤ ያልታሸ በሶ በሶ አይባልም።

የጓዳ ሚዛን፦ በሶውን ነገ ተጨቃጨቁበት።

የጁስ ቤት ደንበኛ፦ ለስላሳ ትቼ ጁስ ጀምሬያለሁ። ተሻሻልኩ?

የጓዳ ሚዛን፦ ሲሠሩልህ ቆመህ አይተሃል? አቮካዶው ላይ የሚፈስሰውን ሽሮፕ ቆጥረኸዋል? ስኳር ባይጨመርበትም የተጨመቀ ፍሬ ከስኳሩ ልክ ውስጥ ይቆጠራል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ማንጎ በብርጭቆ መጠጣት ምን የሚሉት ነው? ጫፉን ነክሰህ ምጠጠው፤ ጭማቂው እስከ ክርንህ ይውረድ፤ ቃጫው ጥርስህ መካከል ይግባ። አንድ ማንጎ በልተህ ትጠግባለህ። በጁስ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለህ። ሙሉ ፍሬ በምቆጥረው ስኳር ውስጥ አይገባም።

ተጠራጣሪው፦ ስኳር ድንችስ?

የጓዳ ሚዛን፦ ስሙን ፈርተህ ነው? ቀቅለህ ብላ።

የሱቅ ባለቤት፦ ስኳር የለውም የሚሉት የሻይ እንክብሎች ይሻላሉ?

የጓዳ ሚዛን፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትጠቀሙባቸው ብሏል። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም፤ እነሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። እኔ የምጠላቸው ምላሱ ከጣፋጭ ስለማይላቀቅ ነው። አንተ ሱቅ ካለህ ይልቅ የምትሸጠውን ማሸጊያ አገላብጠህ አንብብ። ግብዓት የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ሱክሮስ፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስ፣ ፍሩክቶስ ተብሎ በአራት ስም ተከፋፍሎ ሲጻፍ ስኳሩ ከዝርዝሩ አናት ይወርድና ጥቂት ይመስላል።

የሁለተኛ ክፍል እናት፦ የልጄ መምህር ጎበዝ ለሆነ ከረሜላ ትሸልማለች። ምን ልበላት?

የጓዳ ሚዛን፦ እርሳስ ግዢና ስጫት። ለሽልማት ይሁን በያት።

ጨነቀኝ፦ ስኳር ካቆምን ሁለት ወር ሆነን። ትናንት ማታ ትንሹን ልጄን ተቅማጥ ያዘው። በጨው ውኃ ብቻ ባጠጣውስ?

የጓዳ ሚዛን፦ አታድርጊው! ሌላውን ሁሉ ተዉና ይህን አንብቡ። በተቅማጥ ጊዜ ስኳሩ ለጣዕም አይደለም የሚገባው፤ ጨውና ውኃ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ የሚያልፉት ከስኳሩ የሚገኘው ግሉኮስ አብሮ ሲኖር ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከረጢት አምጪ፤ በላዩ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ በጥብጪው። እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልክ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አታስጥዪው። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካለው ተሸክመሽው ሂጂ። ከኢንሱሊን ጋርም ያው ነው፤ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ላብ ያጠመቀውና የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ ይጠጣል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም። ስኳር ከቤት ጨርሶ አይጠፋም ያልኩት ለዚህ ነው። የእኔ ግማሽ ኪሎ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጧፉ አጠገብ ተቀምጧል። ልጁ እንዴት ነው አሁን?

ጨነቀኝ፦ ይጠጣል። ከረጢቱን ባለቤቴ ሊያመጣ ወጥቷል። ተባረኪልኝ።

የጓዳ ሚዛን፦ ነገ ጠዋት እንዴት እንዳደረ ጻፊልኝ።

ጠጅ ወዳዱ፦ ጠጅስ?

የጓዳ ሚዛን፦ ይለፈኝ።

ባለ ሁለት ልጅ፦ እትዬ፣ መዝኜ ተመለስኩ። ከሱቅ የተገዛው ባለፈው ወር 4 ኪሎ ነው። አራት ነን፤ በቀን 33 ግራም ለአንድ ሰው።

የጓዳ ሚዛን፦ አራቱ እነማን ናችሁ?

ባለ ሁለት ልጅ፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች።

የጓዳ ሚዛን፦ ሻዩን የምታፈላው ልጅ ሻይ አትጠጣም?

ባለ ሁለት ልጅ፦ ትጠጣለች።

የጓዳ ሚዛን፦ አምስት ናችሁ። 27 ገደማ ነው። አስተካክለህ ጻፈው።