ለጋራዥ በር ሞላ ጣታችሁን አትክፈሉ

ባለፈው ጥር አንድ የቢቸና ልጅ ከሚኒሶታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የጋራዡ በር አልነሣ አለኝ። ሌሊት እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ሰምቼ ነበር» አለ። ሞላው መበጠሱ ገባኝ። «አሁን የት ነህ?» አልኩት። መሰላል ላይ ነው። በእጁ ካቻቢቴ ይዟል። ደብረ ማርቆስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። ውረድ!

ኮሎራዶ 23 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። እንዲህ ያለ ስልክ ሲደጋገምብኝ ልጻፈው አልኩ።

1. የተበጠሰውን ለዩ

ሞላው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከበሩ በላይ በተጋደመ የብረት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ነው። ሌላው በግራና በቀኝ ከሐዲዱ ጋር ተዘርግቶ የሚለጠጥ ነው። በሩን የሚሸከመው ሞላው እንጂ ሞተሩ አይደለም። የሁለት መኪና በር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 100 የሚያልፍም አለ። ስለዚህ ሪሞቱን ደጋግማችሁ አትጫኑ፣ ሞተሩን ታቃጥሉታላችሁ። በሩ ተከፍቶ ሳለ ከተበጠሰ ደግሞ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀዩን ገመድ እንዳትስቡ። ናዳ ነው የሚወርደው። ልጆችን ከሥሩ አርቁ።

ተራ ሞላ የሚሠራው 10,000 ጊዜ ያህል ከፍቶ እንዲዘጋ ነው። በቀን 4 ጊዜ ብትጠቀሙበት 7 ዓመት አይሞላም። አንዱ ከተበጠሰ ሌላውም እኩል አርጅቷል። ሁለቱንም ቀይሩ።

2. ወረቀት

ተከራይ ከሆናችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

3. የሚነካውና የማይነካው

የሚለጠጠውን ሞላ እጁ ሥራ የለመደ ሰው ከረዳት ጋር ሊቀይረው ይችላል። ሞተሩን ከሶኬት ንቀሉ። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሩን እስከ ላይ አንሡት፤ ያኔ ሞላው ይላላል። በሩ እንዳይወርድ በሁለቱም ሐዲድ ላይ ከታችኛው ጎማ ሥር ሞርሳ አጥብቃችሁ እሰሩ። አዲሱ ሞላ ለበሩ ክብደት ልክ መሆን አለበት፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ይህን ይነግራችኋል። በሞላው ውስጥ የሚያልፈውን ቀጭን ካቦ ደግሞ አትርሱ። ሞላው ቢበጠስ ሰው ላይ እንዳይወረወር የሚይዘው እሱ ነው።

የተጠመጠመውን ግን ተዉት። ባለሙያ አስመጡ። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን አስቡ። ያ ቀጭን እንጨት እንኳ ሲያመልጥ እጅ ያቃጥላል። ይህ ብረት ነው። ቁመቱ 7 ጫማ ለሆነ በር 30 ያህል ሩብ ዙር ይጠመዘዛል፤ በእያንዳንዱ ሩብ ዙር ጉልበት ያጠራቅማል። አንዱ ተበጥሶ ቢላላም ጎኑ ያለው እንደተወጠረ ነው። ባለሙያው ሞላው ጫፍ ላይ ላሉት መጠምዘዣ ቀዳዳዎች ልክ የሆኑ ሁለት የብረት ዘንጎች ይዞ ይመጣል። አንዱን ሳይሰካ ሌላውን አይነቅልም። ወደ ጎን ይቆማል እንጂ ፊቱን ሞላው ላይ አይደግንም።

4. ስለ ገንዘቡ

እኔም ኮሎራዶ ሳለሁ የተጠመጠመው ሞላ ሲበጠስብኝ ባለሙያ ጠርቼ ነበር። ዋጋውን ሲነግረኝ በሆዴ ወደ ብር መነዘርኩት። ያኔ ለእናቴ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ልልክ እያሰብኩ ነበር። «በዚህ ስንት ቆርቆሮ ይገዛል?» አልኩና ሰውየውን መለስኩት። ቀዳዳው ውስጥ ካቻቢቴ ሰካሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሾለከ። የቀኝ እጄ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ከዚያን ቀን ወዲህ አይታጠፉም።

4 ወር ሥራ አልሠራሁም። 4 ወር ለቤት ሳንቲም አልላኩም። ለእናቴ በስልክ «ሥራ ቀዝቅዞ ነው» አልኳት። ዋሸኋት።

ቆይቼ ወደ አገር ስመጣ ምሳ ቀረበ። እሷው ራሷ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። እጄን ዘረጋሁ። ውኃው መውረዱን አቆመ። «ጣትህን ምን በላው?» አለች። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ቆርቆሮው ቢቀርስ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ራሷ አላስታጠበችኝም። ማስታጠቢያውን ለልጆቹ ትሰጥና ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ ልጆች፣ ለምንድን ነው በዶላር እየኖራችሁ በብር የምታስቡት? እዚህ ደብረ ማርቆስ ፌሮው ወጥቶ ዝናብ የሚመታው ጅምር ፎቅ አለ። ባለቤቱ ውጭ አገር በሁለት ሥራ ያድራል፤ የመኪናውን ፍሬን ለማስቀየር ግን ይሳሳል። ለቤት አትላኩ አላልኩም። ላኩ! ግን ሂሳቡ ውስጥ የራሳችሁን እጅና እግር አስገቡ። አንድ ወር ከጎደለ ደውላችሁ «በር ተሰብሮብኝ ነው» በሉ። ካልነገራችኋቸው ምን ያውቃሉ? እናቴን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውን ትተወው ነበር።

የቢቸናው ልጅ ወርዷል። በማግስቱ ባለሙያ መጥቶ ሁለቱንም ቀየረለት።

5. ሳይበጠስ

በዓመት ሁለት ጊዜ ሞክሩት። በሩ ተዘግቶ ሳለ ቀዩን ገመድ ስባችሁ ከሞተሩ አላቁት። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ መሀል አንሡት። ባለበት ከቆመ ደህና ነው። ሊወርድ ወይም ወደ ላይ ሊሸሽ ከፈለገ ሞላው ልክ አይደለም፤ ባለሙያ ይየው። ለእሱ የሚከፈለውን ከአሁኑ ለብቻ አስቀምጡ። ለቤት ከምትልኩት ጋር አታደባልቁት።