የቀረው ኩላንት የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የሸራ ጀልባ አለኝ፣ ውስጧ ትንሽ ዲዝል ሞተር ተገጥሞላታል። ኩላንቱን (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ልቀይር ብዬ ከታች ያለውን የጎማ ቱቦ ፈታሁት፣ ማኑዋሉ 4 ሊትር ይይዛል ይላል የወጣው ግን 2.5 ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? በውሃ አጥቤ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ የሚሸጠውን ብሞላበትስ ችግር አለው?

መልስ፦ የትም አልገባም ወንድሜ፣ ብሎኩ (ዋናው የሞተሩ አካል) ውስጥ ተኝቷል። ጎማ መፍታት ብቻውን ሞተሩን ባዶ አያደርገውም፣ ብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ብሎኩ ጎን ዝቅ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ማፍሰሻ አለች፣ እሷን ነው መፈለግ። ከፍተሃት ጠብ የሚል ነገር ከሌለ ደግሞ አልቋል ብለህ እንዳትሸወድ፣ ዝቃጭ ደፍኗት ሊሆን ይችላል፣ በቀጭን ሽቦ ጎርጎር ስታደርጋት መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ይመጣል ከዛ ቱርርር ብሎ ይለቅልሃል። ይሄ ሁሉ ታዲያ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ በትኩሱ ክዳን መክፈት ፊትን መቀቀል ነው። ጀልባዋ በሞተሩ ሙቀት የሚሰራ የሻወር ውሃ ማሞቂያ ካላት እዛ ቱቦ ውስጥም ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አጥበህ ስታፈሰው ያው 2.5 ብቻ ከወጣ ውስጥ 1.5 ሊትር ንጹህ ውሃ ቀረ ማለት ነው፣ በዛ ላይ የተበጠበጠውን ብትጨምር ከ4ቱ ሊትር ውስጥ ዋናው አንቲፍሪዝ (ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ኩላንት የሚሆነው) 1.25 ብቻ ይሆናል፣ ሲሶም አይሞላ። ስለዚህ ያልተበጠበጠውን ግዛና መጀመሪያ 2 ሊትር አስገባ፣ የቀረውን በዲስቲልድ ውሃ ሙላው። እኔ ያለሁበት አይበርድም አትበለኝ፣ አንቲፍሪዝ ለብርድ ብቻ አይደለም ውስጡ ያለው ኬሚካል ብረቱን ከዝገት ይከላከላል። ቀለሙንም አትመን፣ ሁለት አረንጓዴ ላይስማማ ይችላል፣ ማኑዋሉ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ነው የምታየው።

ስትሞላ ቀስ እያልክ፣ ጎማዎቹን ጨመቅ ጨመቅ እያደረግክ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ከዛ የባህር ውሃ ማስገቢያውን መክፈትህን አረጋግጥና (ተዘግቶ ከተነሳ ኢምፔለሩ፣ ማለትም የባህር ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለው የጎማ መዘውር፣ ተበልቶ ያልቃል) ማኑዋሉ የተለየ ነገር ካላዘዘ ክዳኑን ሳትዘጋ በዝግታ አስነሳው። ሞተሩ ሲሞቅ ለኩላንቱ መንገድ የሚለቀው ቴርሞስታት ሲከፈት ውሃው ድንገት ዝቅ ይላል፣ ያኔ ጨምርበት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ ማፍሰስ ሳትጀምር የጀልባውን ሆድ የሚያደርቀውን አውቶማቲክ ፓምፕ አጥፋው። እኔ አንዴ ረስቼው አረንጓዴውን ሁሉ ባህሩ ላይ ተፍቶት ጎረቤት ጀልባ ላይ ያለ ሰውዬ ነው ጮሆ ያስቆመኝ። ነገሩ መርዝ ነው፣ ደግሞ ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፣ የወጣውን ክዳን ባለው ጀሪካን ያዘው። በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ በብርዱ ልኩን እንደገና እይ፣ ትንሽ ቢቀንስ የተደበቀ አየር ወጥቶ ነው ሙላው፣ በየቀኑ ከቀነሰ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ።